ተኝቶልኛል

እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ደመወዝ ከፋዩ ይወቀው፤ እኛ ጋሼ ድገሙልኝ ነው የምንለው። በሕፃናት ድንገተኛ ክፍላችን መውጫ በር አጠገብ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ተቀምጦ፣ ልጃቸው ተሽሎት ወደ ቤት የሚሄዱ ወላጆችን የሚሸኝ ነርስ ነው። መድኃኒቱን ያስረዳል፣ ምን ሲያዩ ተመልሰው መምጣት እንዳለባቸው ይነግራል፣ ከዚያ እጁን አጣጥፎ፣ "በሉ አሁን ድገሙልኝ" ይላል። ሳይደግሙ መውጣት የለም።

እኔ ፊት ለፊቱ ነኝ። የሚገባውን የምቀበለው እኔ፣ የሚወጣውን የሚሸኘው እሱ። እኔ ዘንድ ልጇን አቅፋ የምትጮህ እናት አለች፤ አልጋ ያስፈልገኛል። አልጋው ላይ ያለው ልጅ ድኖ እየዘለለ ነው፤ አባቱ ግን ጋሼ ፊት እንዳላጠና ተማሪ ቆሞ ይንተባተባል። "ኧረ ጋሼ፣ በፈጠረህ ልቀቃቸው!" ብዬ እጮሃለሁ። እሱ ቀና ብሎ እንኳ አያየኝም። "እሳቷ ተነሳች" ይላቸዋል ወላጆቹን፣ "አትፍሯት፣ አትናከስም። ቀጥሉ፤ ሽሮፑን ስንት ጊዜ ነው የምትሰጡት?" እሳቷ የሚለኝ እኔን ነው፤ ስሙን ያወጣልኝ እሱ፣ ያጸደቀው ሆስፒታሉ በሙሉ።

ዝግ ያለ ሰው ነው። ሲራመድ ወለሉ እንዳያመው የሚጠነቀቅ ይመስላል። ሚስት አላገባም፤ ከእህቱና ከእህቱ ልጆች ጋር ነው የሚኖረው። በሕይወቱ የሚጠላው አንድ ቃል ቢኖር "ገብቶኛል" የሚለው ነው። አንዲት እናት "ገብቶኛል ወንድሜ" ካለችው አለቀላት፤ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ውሃ አስቀድቶ፣ ልኩን አስነብቦ፣ ክንዱ የተገነጠለ የጨርቅ አሻንጉሊት አፍ ውስጥ ያስጨምቃታል። አሻንጉሊቱን "የጋሼ የበኩር ልጅ" ነው የምንለው። የመድኃኒት ቤታችን ሰውዬ ደግሞ፣ በዓለም ላይ እንደዚህ ልጅ ብዙ ሽሮፕ የጠጣ የለም እያለ ይቀልዳል።

የዚያን ቀን ጠዋት የመጣው ልጅ አራት ዓመቱ ነው። ከቤታቸው የውጪ ደረጃ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን መትቶታል። ሐኪሟ ከላይ እስከ ታች አየችው፣ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስም አስተኝታ ጠበቀችው። እሱ ግን እኔን አላስቀምጥ አለኝ! እስክሪብቶዬን ቀማኝ፣ አንሶላው ላይ መኪና ሳለበት፣ መልስ ብለው ምላሱን አወጣብኝ። ደህና ነበር። ዛሬም ቢጠይቁኝ የምናገረው ይሄንኑ ነው፤ ልጁ ደህና ነበር። ሐኪሟም ቤት ወስደው ይከታተሉት ብላ ፈረመች።

አባትየው የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሲሚንቶ እንደጫነ ግቢው ደጃፍ ላይ አቁሞ፣ ዘበኛው በየደቂቃው ብቅ እያለ "አንሳልኝ!" ይለዋል። እናትየው ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። ጋሼ ሁለቱንም አስቀመጣቸው።

"ስሙኝ" አለ። "ጭንቅላት ሲመታ ጉዳቱ አንዳንዴ ቆይቶ ነው ብቅ የሚለው። ደጋግሞ ካስታወከው፣ ራሴን ራሴን ብሎ ለቅሶው አልቆም ካለ ይዛችሁት ኑ። ከሁሉም በላይ ግን እንቅልፉን ጠብቁልኝ። ይተኛ፣ መተኛት አልከለከልኩም። ግን በየሰዓቱ ቀስቅሱት። ዓይኑን ገልጦ ያናግራችሁ። ጠርታችሁት እንደ ልማዱ ካልነቃ ግን ጫማ አደርጋለሁ፣ ልብስ እቀይራለሁ የለም፤ እንደቆማችሁ ይዛችሁት ሩጡ። በሉ አሁን ድገሙልኝ።"

"ፈተና ነው እንዴ ወንድሜ?" አለ አባትየው።

"ፈተና ነው።"

"ከወደቅኩስ?"

"ከወደቅክ እዚሁ ትውላለህ፤ መኪናህን ዘበኛው ይነዳልሃል።"

ሾፌሩ ሳቁ መጣና ደገመ። ማስታወኩን አለ፣ ራስ ምታቱን አለ፣ እንቅልፉ ላይ ሲደርስ ተደናቀፈ። ይቺ ድምፅዋ የማይሰማ ሚስቱ ተቀበለችውና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል ሳትዘል ወረደችው። በየሰዓቱ መቀስቀሱን፣ ዓይኑን መግለጡን፣ ማናገሩን። ጋሼ ፊቱ በራ። "እሰይ! የኔ ጎበዝ!" አለና ምክሩ የተጻፈበትን ወረቀት ሰጣት። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ልጁ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ምላሱን እያወጣብኝ ወጣ። እኔም አልጋዬን አገኘሁ።

ከሰዓት በኋላ ትንሽ ፋታ ሳገኝ ረሃብ ሞረሞረኝና ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ዳቦ ቤት ተሻገርኩ። ሰልፉን ጠብቄ ተራዬ ሲደርስ፣ ነጭ ቆብ አድርጋ ዳቦ ወደ ከረጢት የምትከተው ሴት ያቺው የልጁ እናት ሆና አረፈች።

"እንዴ! አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ ሲስተር" አለች ፈገግ ብላ። "የከሰዓቱም ተራ የኔ ነው። የጠዋቱን እንኳ በስንት ልመና ነው ያሳለፉልኝ።"

"ልጁስ?"

"ተመስገን፣ ተኝቶልኛል። ከእማማ ጋር ነው፣ ከባለቤቴ እናት።"

ተኝቶልኛል ስትል ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ ባያችሁት! እኔ ግን ዳቦውን ረሳሁት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የተኛው?"

"ቤት እንደገባን። ምሳውንም አልጨረሰው። ቅድም ስደውል እማማ ለጥ ብሏል አሉኝ።"

"ቀስቅሰውታል?"

"ማ?"

"እማማ ናቸዋ! በየሰዓቱ ቀስቅሱት ተብሎ የለ?"

ዳቦ የያዘው እጇ አየር ላይ ቀረ። "በየሰዓቱ መቀስቀስ፣ ዓይኑን መግለጥ፣ ማናገር" አለች ቀስ ብላ፤ አሁንም ልቅም አድርጋ ታውቀዋለች።

"ለሳቸው ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?"

"ዕረፍት ያስፈልገዋል አልኳቸው። እንዳይሮጥ፣ እንዳይዘል።" ከዚያ ድምፅዋ እንደገና ጠፋ። "ሌላውን አልነገርኳቸውም። ሲወድቅ ያዩት እሳቸው ናቸው፤ ጠዋት ሙሉ ሲንቀጠቀጡ ነው የዋሉት። ደም ግፊት አለባቸው። ላስደነግጣቸው አልፈለግኩም ሲስተር።"

ወረቀቱስ? ወረቀቱማ ከእሷ ጋር ዳቦ ቤት መጥቶ ቦርሳዋ ውስጥ ተቀምጧል። አባትየው የሚያውቀውን ይዞ ከሲሚንቶው ጋር ነጉዷል። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። "ደውይ!" አልኳት፣ ሰልፉ በሙሉ ዞሮ እስኪያየኝ።

ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግማ ደወለች፤ አይነሳም። "እንዳይቀሰቅሰው ብለው ድምፁን አጥፍተውት ይሆናል" አለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

እኔ በበኩሌ ጋሼ ጋ ደወልኩ። ጉዳዩን በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። እንዴት ሆነ፣ ማን ፈቀደ ብሎ አልጠየቀም። "ቤታቸው የት ነው?" ብቻ አለ። እናትየውን ጠይቄ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ቅያሱ ውስጥ ነው አልኩት። "ሂዱ። ስልኩን እንዳትዘጊው። አምቡላንሱን ወደ ቅያሱ አፍ እልካለሁ።"

እናትየው ከነቆቧ በባንኮኒው ሥር ሾልካ ወጣች። የዳቦ ቤቱ ባለቤት "ወዴት ነው? ኧረ ሰው ቆሟል!" እያለ ይጮሃል፤ ሰልፉ ይንጫጫል። ማን ይስማው! ሮጥን። እኔ ከሮጥኩ ስንት ዘመኔ፤ ሳንባዬ ሊወጣ ደረሰ። እሷ ከፊቴ እየሮጠች ከእኔ ይልቅ ለራሷ ትናገራለች። "ትንሽ እንቅልፍ ነው። ይደክመዋል እኮ። ጠዋት በጣም አልቅሶ ነበር፣ ስለዚህ ነው።"  

ልጁ የወደቀበትን ደረጃ ወጣን። በሩ እንዳይንኳኳ መቃኑ ሥር ጨርቅ ተወትፎበታል። እማማ ደጃፉ ላይ ዝቅ ባለች ወንበር ቁጭ ብለው፣ ስልካቸውን ቀሚሳቸው እቅፍ ውስጥ ቀብረው ይጠብቃሉ። የጎረቤት ልጆችን እንዳይንጫጩ ገና ድሮ አባረዋቸዋል። ሲያዩን ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

"እሽሽ! ቀስ በሉ እንጂ! ኮቴያችሁ ሊቀሰቅሰው ነው።"

እናትየው ቆመች። ያን ሁሉ ሮጣ መጥታ፣ ደጃፉ ላይ ስትደርስ እግሯ ተያዘ። አማቷ ናቸዋ! "እማማ፣ እንቀስቅሰው" አለች በሹክሹክታ።

"ምን ሆነሻል አንቺ? የታመመ ልጅ ከእንቅልፉ ይቀሰቀሳል? የሰው ልጅ አይደለሽም እንዴ?" አሉና ሁለት እጃቸውን መቃኑ ላይ ዘረጉ።

ገፍቼ ልገባ ነበር፤ እግሬን አንስቻለሁ። ከእጄ ላይ የጋሼ ድምፅ መጣ። "እሳቷ፣ ተዪ። ድምፁን ከፍ አድርጊና ለእናታችን አቅርቢልኝ።" ጥርሴን ነክሼ ስልኩን ዘረጋሁላቸው።

"እናቴ፣ እንደምን ዋሉ? ጠዋት የልጅ ልጅዎን ያየሁት ነርስ ነኝ። የሱን ነገር ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ጠዋት ጠዋት ማነው የሚቀሰቅሰው?"

"እኔ ነኛ፤ ሌላ ማን አለው?"

"እንዴት ነው የሚነሳው?"

"ኧረ እሱ! ጆሮውን ነካ ሳደርገው እንደ አንበጣ ነው የሚዘለው" አሉ፤ ሳያስቡት ፈገግ አሉ።

"እንግዲያው አንዴ ጆሮውን ይንኩልኝ። ከዘለለ እኔን ይርገሙኝና መልሰው ያስተኙት።"

እማማ አዩኝ፣ ምራታቸውን አዩ። ምራታቸው ፊት ላይ ምን እንዳዩ እንጃ፤ እጃቸውን ከመቃኑ አወረዱ።

መጋረጃው ተዘግቶ ቤቱ ጨለምለም ብሏል። ልጁ በጎኑ ተኝቶ፣ አፉ ትንሽ ተከፍቶ፣ እንደሚያንኮራፋ ሰው ይተነፍሳል። ትራሱ ላይ ገና ያልደረቀ እርጥበት አለ። "ምሳውን ትንሽ አወጣው፤ ጠረግኩለት" አሉ እማማ። ጎንበስ ብለው ጆሮውን ነኩት። ምንም። "ጎረምሳው" አሉ። ምንም። ቆንጠጥ አደረጉት፣ ጉንጩን መታ መታ አደረጉት፣ ድምፃቸው ከፍ እያለ መጣ። "ጎረምሳው! የኔ ጌታ! ተነስ እንጂ፣ ዳቦ ልስጥህ!" ልጁ አቃሰተና እጃቸውን ገፋ፤ ዓይኑን ግን አልገለጠም።

ቆብ ያደረገችው እናት መጮህ ጀመረች። ጎትቼ ገለል አደረግኋትና ሽፋሽፍቱን በጣቴ ገለጥኩ። የአንደኛው ዓይኑ ብሌን ከሌላኛው ሰፍቷል።

"ጋሼ፣ ብሌኖቹ እኩል አይደሉም።"

 "አምጪው" አለ።

ታቅፌው ወረድኩ። ያን ደረጃ እንዴት እንደወረድኩት እግዜር ይወቅ፤ እኔ የማስታውሰው አንገቱን በክንዴ መደገፌንና እማማ ከኋላዬ በባዶ እግራቸው እየተከተሉ "ተኝቶ እኮ ነው! ተኝቶ እኮ ነው!" ማለታቸውን ነው። አምቡላንሱ ቅያሱ አፍ ላይ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ስንደርስ ጋሼ ሐኪሟን፣ የራጅ ክፍሉን ሰው፣ የቀዶ ጥገና ሐኪሙን፣ ሁሉንም አሰልፏቸዋል። ያ ዝግ ያለ ሰው ሲሮጥ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ከራስ ቅሉ ሥር ደም ተጠራቅሞ አንጎሉን እየተጫነው ነበር። ሳይውል ሳያድር፣ በዚያው አልጋ ወደ ቀዶ ጥገና ገባ።

አባትየው መኪናውን ከመንገድ መልሶ ሲሚንቶ እንደለበሰ መጣ። ሊጮህበት የሚችል ሰው ፈለገ። ሚስቱን አየ፣ እናቱን አየ፣ አልቻለም። ጋሼ ላይ ዞረ።

"ደግሜልህ የለም ወይ? ያልከኝን ሁሉ ደግሜልህ የለም?"

"ደግመህልኛል" አለ ጋሼ። "አንተም ደግመህልኛል፣ እሷም ደግማልኛለች። ቤት ማን እንደሚውል ግን አልጠየቅኳችሁም። ያ የኔ ጥፋት ነው።"

"ምን በወጣህ!" አልኩ እኔ ቱግ ብዬ። "ማነው አንተን—"

"እሳቷ፣ ዝም በይ" አለኝ። ተቆጥቶኝ አያውቅም ነበር።

እማማ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ የራሷን ነጠላ ጫማ አውልቃ እግራቸው ሥር አድርጋላቸዋለች፤ አላደረጉትም። ለማንም ሳይሆን ግድግዳውን እያዩ ተናገሩ። "ተኝቶልኛል እያልኩ ሳመሰግን ነው የዋልኩት። ሰው እንዳይቀሰቅሰው። ልጆቹን አባርሬ፣ በሩን በጨርቅ ወትፌ። ለሞቱ ነው እንዴ ዘብ ስቆም የዋልኩት?"

 ጋሼ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ እጆቻቸውን ያዘ። "እናቴ፣ ዕረፍት ያስፈልገዋል ተባሉ፤ እንደ እርስዎ አድርጎ የሚያሳርፍ ማን አለ? የቀረውን የነገረዎት የለም።"

"እንዳይደነግጡብኝ ብዬ ነው እማማ" አለች ምራታቸው። "እንዳያምዎት ብዬ ነው።" እማማ ቆብ ያለበትን ራሷን ስበው ጭናቸው ላይ አስደገፉት፤ ሐኪሙ እስኪወጣ ድረስ እንደዚያው ቆዩ። ሐኪሙ ወጣ። ደሙ ተቀድቷል፣ ልጁ በሕይወት አለ፣ ሲነቃ እናያለን አለ። አባትየው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ፤ እኔም ሽንት ቤት ገብቼ የልቤን አለቀስኩ።

ነቃ። መጀመሪያ ውሃ አለ፣ ቀጥሎ ዳቦ አለ፣ በማግስቱ መርፌ የወጋችውን ነርስ በስድብ አጥረገረጋት። ስድቡን ስሰማ ከደስታዬ ብዛት ልስመው ሄጄ፣ እኔንም ጨመረኝ።

እማማ ግን አልተሻላቸውም። መጀመሪያ ነርሶቹ ራሳቸው በየሰዓቱ እየቀሰቀሱ ያዩት ነበር። ኋላ ሐኪሟ በቃ፣ አሁን እንደልቡ ይተኛ፣ እንቅልፍ ነው የሚጠግነው አለች። ለእማማ ማን ያስረዳ! ልጁ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ይነቀንቁታል። "ጎረምሳው! አለህ?" ልጁ ያለቅሳል፣ ጎረቤት አልጋ ላይ ያሉት ያጉረመርማሉ፣ እማማ አይሰሙም። እሳቸው ራሳቸው ልጁ ከወደቀ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል አላዩም። እናትየው ለመነቻቸው፣ ልጃቸው ተቆጣቸው። በመጨረሻ የክፍሉ ነርስ ታክቷት ጋሼን ጠራችው።

ሥራ ጨርሰን ልንወጣ ስንል ነው፤ ፀሐይዋ ገና በመስኮቱ ትገባለች። አብሬው ሄድኩ። ልጁ ራሱ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል። የእማማ እጅ ወደ ትከሻው ሊደርስ ነው። ጋሼ አልከለከላቸውም። ወንበር ስቦ ጎናቸው ተቀመጠ።

"ይቀስቅሱት" አላቸው።

ቀሰቀሱት። ልጁ ዓይኑን ገልጦ፣ "እማማ፣ በቃ አልኩሽ እኮ!" ብሎ ተነጫነጨና ወደ ግድግዳው ዞረ።

"ሰሙት?"

"ሰማሁት።"

"ደረቱን ይዩ፣ እንዴት ደስ ሲል እንደሚተነፍስ። ጣትዎን መዳፉ ላይ ያድርጉ። አዩ፣ ጨበጠዎት። ይሄ እንቅልፍ ነው እናቴ፤ ንጹሕ እንቅልፍ።"

እማማ ለረጅም ጊዜ አዩት። "ያኛውም እንቅልፍ መስሎኝ ነበር እኮ ልጄ" አሉ።

ጋሼ ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋ።  

"እንግዲያው እንዲህ እናድርግ" አለ። "እርስዎ ጋደም ይበሉ። እኔ እዚሁ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ። በየሰዓቱም እቀሰቅሰዋለሁ።"

"ትምላለህ?"

"በእህቴ ልጆች እምላለሁ።"

እማማ ራሳቸውን አልጋው ጠርዝ ላይ አደረጉ። ጣታቸው አሁንም በልጁ መዳፍ ውስጥ ነው። ወዲያው ፀጥ አሉ። ጋሼ ጠዋት የገባ ሰው ነው፤ ምሳ እንኳ ቆሞ ነው የበላው። "ና እንሂድ" አልኩት በሹክሹክታ፣ "ሐኪሟ መቀስቀስ አያስፈልግም ብላለች፣ እሳቸውም ተኝተዋል።" ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። እኔም ትቼው መሄድ አቃተኝና ከጎኑ ተቀመጥኩ።

ሰዓቱ ሲደርስ ብድግ ብሎ ልጁን ትከሻውን ነካ አደረገው። ልጁ አንድ ዓይኑን ብቻ ገለጠ። ዙሪያውን ቃኘና ጋሼ ላይ አፈጠጠ።

"አንተ ደግሞ ማነህ?" አለው በንዴት።

"ሰማሁት" አሉ እማማ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ ከአልጋው ጠርዝ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለካ ነቅተው ሲጠብቁ ነው የቆዩት። የተኙት ከዚያ በኋላ ነው።